አጭር ጽሑፍና ሰፊው ሕዝብ፤ የወላይታ ሶዶን ገጽ ማን ይጻፈው?

ዕውቀት ከጥቂት ጠቢባን ጭንቅላት ፈልቆ ለሰፊው ሕዝብ ከላይ ወደ ታች የሚንቆረቆር ምንጭ አይደለም። አፈሩን የሚያርሰው፣ ሸማውን የሚሸምነው፣ መኪናውን የሚያሽከረክረው፣ ሕፃናትን የሚያስተምረው ሠርቶ አደር በየዕለት ሥራው የሚያካብተው የጋራ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሀብት በጽሑፍ ሰፍሮ ለትውልድ የሚተላለፍበት መንገድ ለረጅም ዘመን በጥቂቶች እጅ የቆየ መሆኑ አይካድም። መዝገበ ዕውቀት ወይም ኢንሳይክሎፒዲያ የሚባለው የጽሑፍ ዓይነት ያለፈበትን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ይህ ቅራኔ ጎልቶ ይታየዋል።

ዴኒ ዲድሮና ዣን ዳላምቤር በፈረንሳይ አገር የጀመሩት፣ እ.ኤ.አ. ከ1751 እስከ 1772 በ28 ጥራዝ የታተመው መዝገበ ዕውቀት በዚህ ረገድ የመጀመሪያው ታላቅ እርምጃ ነበር። ዲድሮ የቢላ ሠሪ ልጅ ነበር። የመሳፍንቱንና የቀሳውስቱን ዕውቀት ብቻ መደርደሩን ትቶ፣ የሸማኔውንና የብረት ሠሪውን ሙያ ከየሥራ ቤታቸው እየጠየቀና እያስጠየቀ የመሣሪያዎቻቸውን ስምና አሠራር መዘገበ። ከጥራዞቹ መካከል 11ዱ ሥዕላዊ መግለጫዎች ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ የሠራተኛውን መሣሪያና የእጅ ሥራ የሚያሳዩ ናቸው። የንጉሡ መንግሥት በ1759 የኅትመት ፈቃዱን መንጠቁ የሥራውን ክብደት ያመለክታል።

የሁለተኛው ምሳሌ ትምህርት ከዚህ ይለያል። በሶቪየት ኅብረት የታላቁ ሶቪየት ኢንሳይክሎፒዲያ ሁለተኛ እትም በመውጣት ላይ ሳለ፣ የደኅንነቱ ሹም ላቭሬንቲ ቤሪያ በ1953 ከሥልጣን ተወግዶ በሞት ተቀጣ። ስለ እርሱ የሚያወሳው ጥራዝ ግን አስቀድሞ በየደንበኛው መደርደሪያ ላይ ነበር። ስለዚህ የቤሪያን ገጾች ቆርጠው እንዲያወጡና በምትካቸው ስለ ቤሪንግ ባሕርና ስለ ሌሎች ርዕሶች የሚናገሩ ገጾችን እንዲያስገቡ ለደንበኞቹ ተላከላቸው። አንባቢው በገዛ መቀሱ የገዛ መጽሐፉን እንዲሸራርፍ ተደረገ ማለት ነው። የጸሐፊዎቹ የዕውቀት ደረጃ ከፍተኛ እንደነበረ አያጠያይቅም። የጎደለው አንባቢው የትናንቱን ጽሑፍ ከዛሬው ጋር አነጻጽሮ የሚፈርድበት መንገድ ነበር።

እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2001 በጂሚ ዌልስና በላሪ ሳንገር የተጀመረው ውክፔዲያ ከእነዚህ ሁለቱ የሚለይበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በኢንተርኔት ለማንም ያለ ክፍያ ተከፍቷል፤ የሚጽፉትም የሚያርሙትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ማስታወቂያ አይሸጥም፤ ወጪው በእርዳታ መዋጮ ይሸፈናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እያንዳንዱ እርማት ከተደረገበት ቀንና ሰዓት ጋር በታሪክ ገጹ ላይ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ዛሬ የተሰረዘውን ዓረፍተ ነገር፣ ለተለየ ምክንያት ከእይታ ካልተሰወረ በስተቀር፣ ነገ ማንም ገልጦ ሊያነበው ይችላል። መቀስ አያስፈልግም፤ ቢኖርም የተቆረጠው ይታያል።

ታዲያ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው ማለት ሁሉም ገብቷል ማለት አይደለም። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ በ2020 ከ6 ሚሊዮን መጣጥፎች በላይ ደርሶ ነበር። የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ከጥቂት ዓረፍተ ነገሮች አያልፉም። በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛም የየራሳቸው እትሞች አሉ። አጭሩ ጽሑፍ በአማርኛው ውክፔዲያ ዘንድ «መዋቅር» ይባላል። ስሙ የሚስማማው ይመስለኛል፤ ቤቱ ገና ምሰሶው ብቻ ቆሞ ግድግዳው አልተመረገምና። በሥሩም አንባቢው እንዲያስፋፋው የሚጋብዝ ማስታወሻ ይለጠፍበታል።

ስለ አንድ የኢትዮጵያ ከተማ የሚጻፍ መዋቅር ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የከተማውን ስም፣ የሚገኝበትን ክልልና ዞን፣ የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር፣ ምናልባትም የሕዝብ ብዛት ነው። ይህ ጸሐፊ በባሕር ማዶ በትምህርት ላይ ሳለ የወላይታን ስም ሰምተው የማያውቁ ጓደኞቹ ስልካቸውን አውጥተው ያነበቡት እንዲህ ዓይነቱን ሁለት መስመር ነበር። ካነበቡ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም፤ ያወቁ መስሏቸዋልና። የአጭር ጽሑፍ አደገኛነት እዚህ ላይ ነው። ባዶ ገጽ ቢሆን ኖሮ አላውቅም ያሰኛል።

ይህን በወላይታ ሶዶ ተጨባጭ ሁኔታ እንመልከተው።

በመጀመሪያ ስሙ። «ሶዶ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው በጉራጌ ምድርም ሶዶ አለ፤ የክስታኔ ሕዝብ የሚኖርበት ወረዳ ነው። ሁለቱን ያልለየ ጸሐፊ የአንዱን ወንዝ ለሌላው ይሰጣል። ዞኑና ሕዝቡም ቢሆኑ በቆዩ መጻሕፍት «ወላሞ» ተብለው ይገኛሉ። ይህን ስም ሕዝቡ ራሱ የስድብ ያህል የሚቆጥረው ሲሆን፣ ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በመንግሥት አጠራር በወላይታ ተተክቷል። ሆኖም ከድሮ የውጭ መጽሐፍ ገልብጦ የሚጽፍ ሰው ስሙን ሳያውቀው መልሶ ያነግሠዋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። መፍትሔው አሮጌውን ስም እንዳልነበረ መፋቅ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር ሥራ የጀመረው የእርሻ ልማት ድርጅት በዘመኑ ሰነድ «የወላሞ የእርሻ ልማት ድርጅት» የሚል ስም ነበረው፤ ዋዱ እየተባለ የሚታወሰው ነው። ስሙ መቼ፣ በማን፣ ለምን ይነገር እንደነበር መግለጽና ዛሬ የማይሠራ መሆኑን መጻፍ የመዝገበ ዕውቀት ሥራ ነው።

ሁለተኛው የአስተዳደሩ ጉዳይ ነው። ሶዶን በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ የምትገኝ ከተማ አድርጎ የሚያቀርብ ጽሑፍ ዛሬ ስሕተት ነው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ የወላይታው ውጤት ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን እንደገና ድምፅ ተሰጠ፤ በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ። የክልሉ መሥሪያ ቤቶች በስድስት ከተሞች ሲደለደሉ ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከነምንጩ ማስተካከል ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሳይስተካከል በቆየ ቁጥር ግን አንድ ተማሪ የቤት ሥራውን ከዚያ ይገለብጣል።

ሦስተኛው የሕዝብ ብዛት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ የሶዶ ከተማ ሕዝብ 76,050፣ የወላይታ ዞን ደግሞ 1,501,112 ነበር። ቁጥሮቹ እውነተኞች ናቸው። «ሶዶ 76,050 ሕዝብ አላት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ሐሰት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ወደ ዳገቱም ወደ ሜዳውም ሰፍታለች። ልዩነቱ «በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ» የሚሉት ቃላት ናቸው። ቁጥር ያለ ዓመት ቋጠሮው እንደ ተፈታ እሸክም ነው፤ በመንገድ ላይ ይበተናል። ዓመቱ ሲጻፍም በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሆነ ይገለጽ። በእኛ 1999 ሲባል በፈረንጆቹ 2007 መሆኑን ያልተረዳ ተርጓሚ ስምንት ዓመት ያጠፋል።

እስካሁን ያነሣነው ቀላሉን ነው። ከባዱ ታሪኩን መጻፍ ነው።

በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ወደ ወላይታ ዘመተ። የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ይህን ሁሉም ወገን ይቀበለዋል። ጠቡ የሚነሣው በአንድ ግሥ ላይ ነው፤ «አቀኑ» ወይስ «ወረሩ»? አንዱ ጸሐፊ የመጀመሪያውን ይጽፋል፣ ሌላው በማግሥቱ ይሰርዝና ሁለተኛውን ይተካል፣ በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው ይመለሳል። የታሪክ ገጹ ይህንን ፍልሚያ ሁሉ መዝግቦ ያቆየዋል። አንባቢው ግን ከዚህ ሁሉ ስለ ዘመቻው አንድም አዲስ ነገር አያገኝም።

የውክፔዲያ ደንብ ለዚህ የሚሰጠው መልስ የገለልተኝነት መርሕ ነው። ገለልተኝነት ማለት ፈሪነት ወይም ሁሉንም አቻችሎ ማለፍ ማለት አይደለም። ምን እንደተደረገ መግለጽ፣ ማን ምን እንዳለ በስሙ መጥራት ማለት ነው። በዘመቻው ቫንደርሄም የተባለ ፈረንሳዊ ከሠራዊቱ ጋር አብሮ ተጉዞ ያየውን በ1896 በፓሪስ በመጽሐፍ አሳትሟል። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል የቤተ መንግሥቱን እይታ ይዟል። በወላይታ ሽማግሌዎች አንደበት የሚነገረውን ተመራማሪዎች መዝግበውታል። ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ጸሐፊ የሟቹን፣ የማራኪውንና የተማራኪውን ወገን አቅርቧል፤ ግሡን አንባቢው ራሱ ይመርጣል። ከወላይታ ጋር የሚያያዘው የጥንቱ የዳሞት መንግሥትና የሞቶሎሚ ታሪክም በዚሁ መንገድ መያዝ አለበት። ከሶዶ በላይ የቆመው ዳሞታ ተራራ ስሙን ከዚያ መንግሥት አገኘ የሚለው አስተያየት አስተያየትነቱ ተገልጦ እንጂ እንደ ተረጋገጠ ነገር ሊጻፍ አይገባውም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የወላይታ ሕዝብ ራሱ በሌሎች ብዕር ሲጻፍ ምን እንደደረሰበት ማስታወስ ይበቃል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዞኑ ሰሜን ኦሞ በሚባልበት ወቅት የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን አነጋገር አቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ ቋንቋ ተዘጋጀ፤ መጻሕፍትም ታትመው ወደ ትምህርት ቤቶች ተላኩ። አራቱ አነጋገሮች የሚቀራረቡ መሆናቸው እውነት ነው፤ የቋንቋ ሊቃውንትም ይህን ጽፈዋል። ነገር ግን የራሱን ቋንቋ የሚያውቀው ተማሪና አስተማሪ በመጽሐፉ ውስጥ ራሱን አላገኘም። በኅዳር 1992 ዓ.ም. በሶዶ ከተማ ሕዝባዊ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መምህራን ታሰሩ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ በማግሥቱም ዓመት ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ወላይትኛ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠይምነት ማጥፊያ ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ ማለትም ገበሬው በገዛ ቋንቋው ማንበብን ከቀመሰ ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር። ያንን የቀመሰ ሕዝብ ለእርሱ ተብሎ ከጠረጴዛ ላይ የተቀመመ ቋንቋ ሊውጥ አልቻለም።

በመማሪያ መጽሐፍ የታየው በኢንተርኔቱም ሊታይ ይችላል። በስኮትላንድ የሚነገረው የስኮትስ ቋንቋ ውክፔዲያ ከ20 ሺህ በላይ መጣጥፎቹ ቋንቋውን በማይችል አንድ አሜሪካዊ ወጣት የተጻፉ መሆናቸው በ2020 ተደረሰበት። ልጁ ክፋት አልነበረውም። የእንግሊዝኛውን ቃል በመዝገበ ቃላት እየተካ ለዓመታት ደከመ። የቋንቋው ባለቤቶች ገጹን ስላልጠበቁ ማንም አላረመውም። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉት መሣሪያዎች ቋንቋን ከሚማሩባቸው ጽሑፎች አንዱ ይኸው ውክፔዲያ ነው። ብዙ ጽሑፍ ባለው ቋንቋ አንድ ስሕተት በባሕር ላይ እንደ ወደቀ ጠብታ ነው፤ ጥቂት ጽሑፍ ባለው ቋንቋ ግን ጠብታው ራሱ ባሕሩ ይሆናል።

እንግዲህ የሶዶ የቀበሌ ነዋሪ፣ የዕድር አባል፣ የፋብሪካና የግንባታ ሠራተኛ በዚህ ሥራ ምን ድርሻ አለው? ምሁራኑ ይጻፉት የሚል መልስ በቂ አይደለም። ምሁሩ የማያውቀውን ነዋሪው ያውቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ሶዶ በሆሳዕና በኩል የሚመጣው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት እንደሚበልጥ፣ በሻሸመኔ በኩል የሚመጣው ግን ከዚያ እንደሚረዝም ሾፌሩ ያውቃል። አንዱ ጽሑፍ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ርቀት ቢሰጥ ሁለቱም አልዋሹም፤ የመንገዱን ስም ዘንግተው ነው። በአማርኛ ጎደሬ የሚባለው ተክል በወላይታ ቦይና እንደሚባል፣ በእንሰትና በቦይና መካከል ያለው ልዩነት ምን እንደሆነ የገበያዋ ሴት ታውቃለች። የዱንጉዛን ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ ክር አሰላለፍ ሸማኔው ያውቀዋል። የአጆራ መንታ ፏፏቴ ከአጃንቾና ከሶኬ ወንዞች መሆኑን የአካባቢው እረኛ ያውቃል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ትልቅ ቅራኔ አለ፤ መሸፋፈኑም አይጠቅምም። የውክፔዲያ ደንብ «እኔ አውቃለሁ» የሚልን ምስክርነት አይቀበልም። የተጻፈው ሁሉ ታትሞ በወጣ፣ ሌላው ሰው ሄዶ ሊያረጋግጠው በሚችል ምንጭ መደገፍ አለበት። ደንቡ የተሠራው መጽሐፍና ጋዜጣ በተትረፈረፈበት አገር ነው። ዕውቀቱ በአብዛኛው በአንደበት በሚተላለፍበት አገር ግን ባለቤቱን ከደጅ ያስቀራል። ይህን ችግር የተረዱ ወገኖች እ.ኤ.አ. በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የሽማግሌዎችንና የሙያተኞችን ቃል በድምፅ ቀድቶ እንደ ምንጭ ለመጠቀም ሙከራ አድርገዋል፤ ሙከራው ክርክር አስነሣ እንጂ አጠቃላይ ደንብ ለመሆን አልበቃም።

በመሆኑም ደንቡን እየረገሙ ከመቀመጥ የሚሻለው መንገድ ምንጩን ራሱን ማፍራት ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጥናቶች አሉት፤ በአረካ የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል ስለ እንሰት ያካሄዳቸው ጥናቶች አሉ፤ ጃፓናዊው ሞቶሚቺ ዋካሳ በ2008 የጻፈው ሰፊ የወላይትኛ ሰዋስው አለ፤ ከ2003 እስከ 2014 በጀርመን አገር በአምስት ጥራዝ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካም አለ። እነዚህን አንብቦ ሁለት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ማስፈር የሚችል አንድ መምህር በየቀበሌው አይጠፋም። የሽማግሌዎቹን ቃል ደግሞ የትምህርት ቤት መጽሔት ወይም የዞኑ ባህል ቢሮ ያትመው፤ ምንጭ መሆን የሚጀምረው ያኔ ነው።

ሁለት በሽታዎች ግን አስቀድመው ይወገዱ። አንደኛው ውዳሴ ነው። «ውብና ማራኪዋ፣ የፍቅር ከተማዋ ሶዶ» የሚለው ሐረግ ለሆቴል ማስታወቂያ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም። ስለ ገዛ ሆቴልህ፣ ስለ አለቃህ ወይም ስለ አጎትህ መጻፍም ያው ነው፤ ደንቡም አይደግፈውም። ሁለተኛው ከእንግሊዝኛው ገጽ በማሽን አስተርጉሞ እንዳለ መለጠፍ ነው። ገጹ በአንድ ሌሊት ይረዝማል፤ አንባቢው ግን በሦስተኛው መስመር ላይ ይጥለዋል። አምስት የተጣሩ ዓረፍተ ነገሮች ከአምስት የተወላገዱ ገጾች ይበልጣሉ። ወላይትኛው የራሱ እትም ሲፈልግም መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ አዳዲስ ቋንቋዎች የሚጀምሩበት የማፈልፈያ ቦታ አለ፤ ቋንቋውን አፍ የፈቱበት ጸሐፊዎች ለወራት ያለ ማቋረጥ ሲሠሩ ብቻ ወደ ሙሉ እትምነት ይሸጋገራል።

ሥራው በቡድን ቢሆን ይመረጣል። አራት ወይም አምስት ሰዎች በሳምንት አንድ ምሽት ይገናኙ። አንዱ የሶዶን ገጽ ያለበትን ሁኔታ ያንብብ፣ ሌላው ጉድለቱን ይመዝግብ፣ ሦስተኛው ምንጭ ይፈልግ፣ አማርኛው የሰላ የሆነው ይጻፈው፤ ሳይለጠፍ በፊት በመካከላቸው ሂስ ይካሄድበት። ለመጀመሪያው ምሽት የክልሉን ስምና የቆጠራውን ዓመት ማረም በቂ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የሁለቱን መንገዶች ርቀት፣ ከዚያም የቦዲቲን፣ የአረካንና የገሱባን ገጾች መመልከት ይቻላል። ያረሙት ዓረፍተ ነገር በማግሥቱ ተሰርዞ ቢያገኙት አይደንግጡ። የታሪክ ገጹን ከፍተው የሰረዘው ሰው የጻፈውን ምክንያት ያንብቡ፤ «ምንጭ የለውም» የሚል ከሆነ ምንጩን ይዘው ይመለሱ፤ ምክንያት ሳይሰጥ ሰርዞት ከሆነም በውይይት ገጹ ላይ በትሕትና ይጠይቁት።